የ15 ዓመት ልጄ ሦስተኛው ዙር ላይ ዓይኗ ይጨልምባታል፤ ምን ላብላት? (ክሩ ተጠቅልሎ)

ይህን ክር የከፈትኩት በዐቢይ ጾም ሦስተኛ ሳምንት ነበር። አሁን 47 መልስ ደርሷል። ዘግይቶ የገባ ሰው ከላይ ጀምሮ አንብቦ እስኪጨርስ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች። ስለዚህ በራሴ አነጋገር ልጠቅልለው። የተጣላችሁት ሰዎች እንደገና እንዳትጀምሩ አደራ።

መጀመሪያ የጠየቅኩት ይህን ነው። ልጄ 15 ዓመቷ ነው፤ 9ኛ ክፍል ናት። ትምህርት ቤቷን ወክላ በክፍለ ከተማ ውድድር 1,500 ሜትር ልትሮጥ ተመርጣለች። በሳምንት አራት ቀን ከትምህርት በኋላ ልምምድ አለ። አንድ ቀን ቀደም ብዬ ሄጄ አጥሩን ተደግፌ አየኋት። ሁለት ዙር እንደ ሚዳቋ ሄደች። ሦስተኛው ላይ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ወጣ፤ እርምጃዋ አጠረ። ስትጨርስ ጉልበቷን ይዛ ጎንበስ አለችና ብዙ ቆየች። ዓይኗ ጨለም እንደሚልባት የነገረችኝ በኋላ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን ነው፤ ያውም ለእናቷ እንዳልነግር አስምላ። ትጾማለች፤ በራሷ ፍላጎት፣ ከእናቷ ጋር። እንግዲህ ጥያቄዬ ሁለት ነበር፤ ምን ላብላት፣ ጾሙንስ ላስፈታት ወይ? ሁለተኛውን ባልጨምር ኖሮ ክሩ አሥር መልስ አይሞላም ነበር።

ቁጥር 1 የሐዋሳ እናት ናት። ጨዋ ሰው። ወንድ ልጇ ኳስ ይጫወታል። ለእሷ መልሱ በሶ ነው። ገብሱ በደንብ ተቆልቶ ይፈጫል፤ ቀጠን ተደርጎ በውሃ ይበጠበጣል፤ ስኳርና ቁንጥር ጨው ይገባበታል። በፕላስቲክ ጠርሙስ ትቋጥርለታለች፤ ልጁ ከልምምድ አንድ ሰዓት በፊት ነቅንቆ ይጠጣዋል። ስኳሩ ለጉልበት፣ ጨው ደግሞ በላብ ለሚወጣው ምትክ መሆኑን አስረዳችኝ። የጾም ምግብ ስለሆነም ከማንም ጋር አያጣላም።

ቁጥር 2 ጤፍ በአይረን የበለጸገ ስለሆነ እንጀራ የምትበላ ልጅ ደም ሊያንሳት እንደማይችል በሙሉ ልብ ጻፈ። ብዙ ላይክ አገኘ። እኔም ላይክ አድርጌለታለሁ።

ቁጥር 3 የሥነ ምግብ ተማሪ ነው፤ ሳይሰድብ አረመው። ጤፍ አይረን እንዳለው አልካደም። ግን ሲለካ የሚታየው ብዛት ከፊሉ አውድማ ላይ ከአፈር የሚቀላቀል ነው፤ ያንን ደግሞ ሰውነት እምብዛም አይጠቀምበትም። እህሉ ውስጥ ያለውንም ፋይቴት የሚባል ነገር አንቆ ይይዘዋል። ሊጡ በደንብ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ በቅጡ የቦካ እንጀራ ከችኩል እንጀራ ይሻላል። ከምስሩ ጋር ቲማቲም፣ ቃሪያ ወይም ሎሚ ሲኖር አይረኑ በተሻለ ይገባል። ሻይና ቡና ከምግቡ ጋር ሲጠጡ ደግሞ መንገዱን ይዘጉበታል። በዚህ ዕድሜ ሴት ልጅ በቀን 15 ሚሊ ግራም ገደማ ያስፈልጋታል፤ ወንዱ 11 ይበቃዋል። የእሱ ምክር ሻዩን ከምግቡ በአንድ ሰዓት ማራቅ ነው። እኛ ቤት እጅ ሳይታጠብ ነው ሻይ የሚቀርበው።

ከዚያ ጾሙ መጣ።

ቁጥር 4 ትልቅ ሰው ናቸው መሰለኝ። ባንዲራችንን ያውለበለቡት አትሌቶች ጾመኞች እንደነበሩና የዛሬን ልጅ ያደከመው ቅምጥልነት እንደሆነ ረዘም አድርገው ጻፉ። ቁጥር 5 እሳቸው ራሳቸው አውቶቡስ ለመያዝ እንኳ ሮጠው ያውቁ እንደሆነ ጠየቀች። ነገሩ እዚህ ላይ ከረረ። ያበረደው ቁጥር 6 ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል ሰው። ጾም 55 ቀን የሚሄዱበት ጉዞ እንጂ የጉልበት መፈተኛ አለመሆኑን፣ ሰዓቱን ማቅለል ለልጅም ለደካማም ያለና የነበረ መሆኑን ጻፈ። ውሳኔው ግን የንስሐ አባቷ እንጂ የኢንተርኔት አለመሆኑን አስምሮበታል። ትክክል ነው። ደረቴን ነፍቼ ሰው ፊት ከማቅረቤ በፊት እሳቸው ጋ መሄድ ነበረብኝ።

ቁጥር 7 የጅማ አባት ነው፤ ሙስሊም ነው፤ ልጁ ኳስ መሃል ሜዳ ላይ ይጫወታል። በረመዳን ልምምድ አያስቆመውም። ቀለል ያለውን ልምምድ ከመግሪብ በፊት ያለው ሰዓት ላይ ያደርገዋል፤ እንዳበቃ ልጁ በቴምርና በውሃ ያፈጥራል። ከባዱን ልምምድ በዚያ ወር ይቀንሰዋል። ሱሁር፣ ማለትም ከንጋት በፊት የሚበላው ምግብ፣ እንዳያመልጠው እሱ ራሱ ይቀሰቅሰዋል። ከዚያ አንዲት አጭር ጥያቄ ጠየቀኝ፤ ልጅቷ የምትበላው ስንት ሰዓት ላይ ነው?

ሄጄ አሰላሁት። እራት ማታ 2 ሰዓት ነው። በማግስቱ የምትገድፈው ትምህርት ሲያልቅ 9 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከምሳ ዕቃዋ ነው። ልምምዱ 10 ሰዓት ይጀምራል። 19 ሰዓት ተኩል ምንም ሳትቀምስ ቆይታ፣ ሽሮ ፍትፍቷን በችኮላ ውጣ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሜዳ ትገባለች። እኔ ምን ላብላት እላለሁ። ስንት ሰዓት ትበላለች ያለው የጅማው ሰው ነው።

ቁጥር 8 የጂም ልጅ ነው። ፕሮቲን ፓውደር፣ ክሬቲን የሚባለው የጡንቻ ማጎልበቻ፣ ውድድሩ ቀን ደግሞ አንድ ቆርቆሮ ኢነርጂ ድሪንክ። የሚሸጥበትን ቦታ ሊጠቁመኝም ዝግጁ ነበር። ቁጥር 9 ፋርማሲስት ናት፤ ምላሷ ስለታም ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ኢነርጂ ድሪንክ ለልጆችና ለታዳጊዎች አይሆንም ማለቱን፣ ክሬቲንም ከ18 ዓመት በታች እንደማይመክር አስታወሰችው። ፓውደሩ ውስጥ ቆርቆሮው ላይ ያልተጻፈ ነገር ሊገኝ ይችላል፤ አበረታች ቅመም ከሆነ ደግሞ የሚጠየቀው ሻጩ ሳይሆን ሯጩ ነው። ከዚያ ሂሳቡን ሠራችልኝ። ልጄ 46 ኪሎ ናት። ለሚሮጥ ልጅ ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ፕሮቲን ብንይዝ፣ በቀን ከ55 እስከ 74 ግራም ይመጣል። አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም ገደማ አለው። አንድ ጭብጥ ለውዝ 7። ሽሮው ወፈር ይበል፤ ቆሎው ውስጥ ሽምብራ ይብዛ፤ የለውዝ ቅቤ በዳቦ ይጨመር። በጾምም ይሞላል፤ ግን ልጅቷ በቀን ሁለቴ ሳይሆን አራት አምስት ጊዜ መብላት አለባት። ወተት በሌለበት ወር ለአጥንቷ ጎመንና ሰሊጥ እንዳልረሳም ነገረችኝ። ቆስጣ በዚህ በኩል የጎመንን ያህል አይጠቅምም፤ ካልሺየሙን ራሱ አንቆ የሚይዝ ነገር አለው። ይህን ሳነብ እናቴ ትዝ አለችኝ፤ ጎመን ስጠላ የምትሰጠኝ ቁንጥጫ።

ቁጥር 10 የጂሙ ልጅ ተቆጥቶ ተመልሶ መጣ፤ የራሱን ክንድ ፎቶ ለማስረጃ አያያዘ። ቁጥር 11 ጭራሽ ወጣ ያለ ነገር አመጣ፤ ከውድድሩ በፊት ማታ ክሊኒክ ወስዶ አንድ ግሉኮስ በክንዷ ማስገባት። ፋርማሲስቷ በቁጥር 12 ወረደችበት። ያለ ሕክምና ምክንያት በ12 ሰዓት ውስጥ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በደም ሥር መስጠት በስፖርት የተከለከለ ዘዴ ነው። ጤነኛ ልጅ በአፏ መጠጣት እየቻለች መርፌ መውጋቱም ምን የሚሉት ነገር እንደሆነ ጠየቀችው። ሌሎችም ቃላት ነበሩ። ቁጥር 13 አወያዩ ነው፤ ሁለት መልስ አጥፍቶ ሁላችንንም አስጠነቀቀ።

ቁጥር 14 ከሜሪላንድ ነው። እዚያ ልጅ ለትምህርት ቤት ቡድን ከመሮጡ በፊት ሐኪም መርምሮ ቅጽ ይሞላለታል፤ ያለዚያ ቱታውንም አይለብስም። ይህ ጠቃሚ ነበር። ቀጥሎ ግን አገር ቤት ምንም ነገር በሥርዓት እንደማይሠራ ሦስት አንቀጽ ጻፈ። ቁጥር 15 የኮተቤ ሰው ነው፤ ቅጹን ከነሐኪሙ በፖስታ ቢልክልን ደስ እንደሚለው ገለጸለት።

ቁጥር 16ም ከዚያው ከሜሪላንድ ናት፤ እናት ናት። የአገሯን ልጅ ትዝብት ሳትነካ ስለ ራሷ ልጅ ጻፈች። 16 ዓመቷ ነው፤ ረጅም ርቀት ትሮጣለች። ፍሪጁ ሙሉ ነው። ልጅቷ ግን ቀለል ያለ ሰላጣ እየበላች፣ በስልኳ ካሎሪ እየቆጠረች፣ ቀጠን ባለች ቁጥር የምትፈጥን እየመሰላት ወራት ቆየች። መጀመሪያ ፈጠነች። ከዚያ የወር አበባዋ ቀረ። ከዚያ የእግሯ አጥንት ሰነጠቀ። ዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ በ2014 እንደ ፈረንጆቹ ለዚህ ነገር ስም አውጥቶለታል፤ በአጭሩ የሚሮጡትን ያህል አለመብላት ሰውነትን ሁሉ ሲያዳክመው ማለት ነው። በማጣት ብቻ የሚመጣ መስሎን ነበር።

ይህን ተከትላ ቁጥር 17 ገባች፤ ነርስ ናት። የልጄ የወር አበባ በጊዜው ይመጣ እንደሆነ፣ ይበዛባት እንደሆነ ፊት ለፊት ጠየቀችኝ። ሦስት ወር ከቀረ ሐኪም ጋ መሄድ ግዴታ ነው፤ ከበዛም ደም ይመርመር። እኔ ሽምቅቅ አልኩ። አባት ነኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር በቤታችን የእናትና የልጅ ነው። ለባለቤቴ ወሬውን ከሌላ ጫፍ ጀምሬ፣ ዞሬ ዞሬ ጠየቅኳት። ይመጣል፤ ግን ይበዛል። ከየት አምጥቼ እንደጠየቅኩ ግራ ተጋብታ አየችኝ። ያኔ ዝም አለች።

ክሊኒክ ሄድን። ቁጥር 18 እኔ ነኝ፤ ውጤቱን በደስታ ለጠፍኩት። ሄሞግሎቢን፣ ደም ማነስ የሚለካበት፣ 12.4። ወረቀቱ ላይ ኖርማል ይላል፤ ኮከብ እንኳ የለበትም። ነርሷ በቁጥር 19 ደስታዬን አበረደችው። 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናት፣ ላላረገዘች ሴት መነሻው 12 ነው፤ ይህ መለኪያ ግን ባሕር ዳርቻ ለሚኖር ሰው ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ደሙ በተፈጥሮ ስለሚወፍር፣ እዚህ ከተገኘው ቁጥር ላይ 1 ግራም ወይም ከዚያ በላይ ይቀነሳል። የልጄ 12.4 እንግዲህ ቢበዛ 11.4 ነው ማለት ነው። ፌሪቲን የሚባለውን፣ የአይረን ጎተራውን የሚያሳየውን ምርመራ እንድንጠይቅ ነገረችን። ተመልሰን ሄድን። 9 ሆነ። ከ15 በታች ከሆነ ጎተራው ባዶ ነው።

ቁጥር 20 ለምን እንደምንንዛዛ አልገባውም፤ የአይረን ክኒን ፋርማሲ ሞልቷል። ነርሷ ሳትቆጣ መለሰችለት። ሳይለኩ መዋጥ ሆድ ያስቸግራል፤ ሲበዛም ይጎዳል፤ መጠኑን ሐኪም ያዝዝ። የእኛ ሐኪም አዘዘ። ጎተራው እስኪሞላ ሦስት ወር ገደማ እንደሚፈጅ ነገረን። ለውድድሩ እንደማይደርስ ያኔ ነው የገባኝ።

ከዚህ በኋላ ክሩ መንገድ ሳተ። ቁጥር 22 ስለ ጫማ ነው፤ የዛሬ ልጆች ጫማ ሲያማርጡ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማሸነፉን አስታወሰን። ቁጥር 23 ሙሉውን ታሪክ እንዲናገር ጠየቀው። አበበ ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማና ካልሲ አድርጎ ነው የሮጠው፤ ያውም ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ 35 ቀን ያህል ብቻ ቆይቶ። ሮም 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ፣ ቶኪዮ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11። በጫማው ፈጠነ። ቁጥር 24 የሮሙ ድል ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ላይ መሆኑን ጨመረ። ይህን አላውቅም ነበር፤ ደስ አለኝ። ቁጥር 25 ወደ በቆጂ ወሰደን፤ ደራርቱ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ የወጡበት አገር ልጅ ከገብስና ከድንች ሌላ ምን በልቶ ያውቃል የሚል ነገር። ቁጥር 26 የአርሲ ልጅ ነው፤ ተናደደ። ገብሱ ላይ ቅቤ እንደሚፈስበት፣ እሱ ባደገበት ቤት ወተት በቅል ሙሉ እንደሚጠጣ ጽፎ፣ ረሃብን የሩጫ ምስጢር የሚያደርጉ የከተማ ሰዎችን ልክ ልካቸውን ነገራቸው። እዚያው ቁጥር 23 ልጄ የምትሮጠው ምን ላይ እንደሆነ ጠይቆኝ ነበር፤ አፈር ነው፣ ሣር ነው ወይስ ኮብልስቶን? አልመለስኩለትም። ቅልጥሟን እንደሚያማት ነግራኝ ነበር፤ ኮብልስቶን ላይ የማስሮጣት ደግሞ እኔ ነኝ።

ቁጥር 27 የባሕር ዳር የስፖርት አስተማሪ ነው። ከ47ቱ መልስ ለኔ ትልቁ ይህ ነው። ስለ ምግብ አንድም ቃል አልጻፈም። ልጅቷ በሳምንት ስንት ቀን እንደምታርፍ ጠየቀ። በዚህ ዕድሜ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን፣ ቢቻል ሁለት ቀን ዕረፍት ያስፈልጋል። በሳምንት የልምምዱ ሰዓት ከዕድሜዋ ቁጥር እንዳይበልጥ። ከባድ ልምምድ በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል፤ የቀረው ሶምሶማ ነው፤ እያወራች መሮጥ የምትችልበት። እንቅልፍ ከ8 እስከ 10 ሰዓት። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ 10 ኪሎ ሜትር ትምህርት ቤት ድረስ ሮጦ መመላለሱን ሁሉም ወላጅ ይጠቅስበታል። ግን ያን ልጅ ከኋላው ሆኖ ሰዓት የሚይዝበት አባት አልነበረም። እኛ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ታሪክ ይዘን ልጆቻችንን እንገርፍበታለን።

ቁጥር 28 እኔ ነኝ። ልጄ ቅዳሜና እሑድ ታርፋለች ብዬ ጻፍኩ።

ቁጥር 29 አዲስ የተመዘገበች ሰው ናት። ለማታውቀው ሰው እንደሚጻፍ አድርጋ፣ በትሕትና ወንድሜ ብላ ጠርታኝ ጀመረች። ሁለተኛው መስመር ላይ ጆሮዬ ቀላ። ቅዳሜ ለማፍታታት ተብሎ መስቀል አደባባይ ደረጃ የሚያስወጣት ማን እንደሆነ፣ እሑድ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ቀስቅሶ ኮብልስቶን ላይ በስልክ ሰዓት እየያዘ የሚያስሮጣት ማን እንደሆነ ለሕዝቡ እንዳስረዳ ጠየቀችኝ። በሶው ውስጥ ግሉኮስ ዱቄት የሚጨምረው ማን እንደሆነም ታውቃለች። ልጅ እቤት ተቀምጣ እያለች የማያውቁትን 30 ሰው መጠየቅ ምን እንደሆነ ግን እንዳልገባት ጻፈች። ባለቤቴ ናት። ወሬውን ከሌላ ጫፍ የጀመርኩ ቀን ነው የነቃችብኝ።

ከቁጥር 30 እስከ 34 ያለውን እለፉት። የኔ መቀለጃ ነው። ቁጥር 33 ብቻ ባለቤቴ አወያይ እንድትሆን ሐሳብ አቅርቧል፤ ከዚህ ክር በጣም የተወደደው መልስ እሱ ነው።

ከዚያ ቤት ውስጥ የሆነው አጭር ነው። ሦስታችን የንስሐ አባታችን ጋ ሄድን። ምግቡ የጾም ይሁን፣ በልምምድ ቀን ግን 6 ሰዓት ላይ ትብላ አሉ፤ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ቅዳሜና እሑድ ዕረፍት ሆነ። እኔም እሑድ ማለዳ ብቻዬን መሮጥ ሞከርኩ፤ የጎረቤት ውሻ አሳደደኝ፤ ተውኩት።

ቁጥር 35 እና 36 ስለ ዕድሜ ማጭበርበር ተከራከሩ። በልጄ ምድብ የሚሮጡ ጢም ያላቸው ልጆች መኖራቸው እውነት ነው፤ ግን ከዚህ ክር ውጪ ነው። ቁጥር 37 ጉልበቱ ሥር እብጠት ያለበት የ13 ዓመት ወንድ ልጅ አባት ነው። ነርሷ በዚህ ዕድሜ አጥንቱ ከጅማቱ ቀድሞ ሲያድግ የሚመጣ፣ ኦስጉድ ሽላተር የሚባል የተለመደ ነገር ሊሆን እንደሚችልና በቅባት ከማሸት ይልቅ ሩጫውን ቀንሶ ለሐኪም ማሳየት እንደሚሻል በግል ጻፈችለት።

ቁጥር 38 መምህርት ናት፤ የት እንደምታስተምር አልተናገረችም። ክሩን ሙሉውን አንብባለች። በሶ፣ ምስር፣ ክኒን፣ ዕረፍት፣ ሁሉም ጥሩ ነው። ልጅቷ ግን ትምህርት ቤት ውስጥ ውሃ ትጠጣለች? ካልጠጣች ለምን?

በዚያ ሰዓት ልጄ ግቢ ውስጥ የመሮጫ ጫማዋን በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ ትፈትግ ነበር። ድንጋዩ ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጠየቅኳት። ቀና አላለችም። ከጠዋት እስከ ቤት አንድ ጉንጭ አልጠጣም አለችኝ። የሴቶቹ ሽንት ቤት መቀርቀሪያ የለውም። አንዷ ስትገባ ሌላዋ በሩን በእግሯ ትይዛለች፤ ጓደኛ ከሌለ አይገባም። ውሃ የሚመጣው በሳምንት ጥቂት ቀን ነው። በወር አበባዋ ሰሞን ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም። ስለዚህ ማንም አይጠጣም፤ እሷ ብቻ አይደለችም። ጾሙ ሸፈነው እንጂ ከመስከረም ጀምሮ እንዲሁ ናት። ጠዋት ጠዋት የምሞላላት የውሃ ጠርሙስ ማታ ሙሉ ሆኖ ይመለስ ነበር። እዚያ የምትሞላው ይመስለኝ ነበር። ያወቀች ሁሉ ዝም ያለችው ሰው ስላልጠየቃት ነው። ብሩሹን ነክራ ማጠቧን ቀጠለች።

ይህን ስጽፍ ክሩ ተለወጠ። ከቁጥር 39 እስከ 44 የጻፉት ሴቶች ናቸው። ከጎንደር፣ ከአዳማ፣ አንዷ ከኮተቤ። ሁሉም ያው ነው፤ በሩን የምትይዝ ጓደኛ፣ የማይጠጣ ውሃ፣ ከሰዓት በኋላ የሚመጣ ራስ ምታት። ሁለቱ ትምህርት ከጨረሱ 20 ዓመት አልፏቸዋል። ማንም ማንንም አላረመም። የኮተቤዋ እስከ ዛሬ ከቤት ውጪ ውሃ እንደማትጠጣ ጻፈች።

ትምህርት ቤቱን አልጠራም። ርዕሰ መምህሩን አነጋገርኩ፤ በሚቀጥለው በጀት እንደሚታይ ነገሩኝ። መርካቶ ሄጄ ሁለት መቀርቀሪያ ገዛሁ፤ ዘበኛው በራሱ ካቻቢቴ ገጠመው። አንድ ወላጅ ቤቱ ያረጀ ሮቶ አለው፤ ካልተቀደደ ሊሰጠን ነው። ገና አልመጣም።

ቁጥር 45 የውድድሩ ውጤት ነው። ከሆሳዕና በፊት ባለው ቅዳሜ ሮጠች። ከ14 ልጆች 5ኛ ወጣች። ሦስተኛው ዙር ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ስለነበር ያየሁት ነገር የለም፤ ባለቤቴ ናት የነገረችኝ። ትከሻዋ አልወጣም አለች። ክኒኑ ገና ሦስት ሳምንቱ ስለነበር በእሱ ነው ማለት አይቻልም።

ቁጥር 46 የሐዋሳዋ እናት እንኳን ደስ ያላችሁ ብላለች። ቁጥር 47 ዛሬ ጠዋት የገባ ሰው ነው፤ ምንም ሳያነብ በሶው ስንት ማንኪያ እንደሆነ ጠየቀ። ሦስት የሾርባ ማንኪያ፣ ለግማሽ ሊትር።